የሚና ጨዋታ ክበብ፦ ከሙታን ሳቢ ጋር የተጫወትንበት ዓመት

የዘንድሮው የክበባችን ሥራ ከሞላ ጎደል በአንድ ጥያቄ ዙሪያ የተሽከረከረ ነበር፦ ተጫዋች ሙታን ሳቢ፣ ማለትም ሙታንን በአስማት የሚያስነሣ ገጸ ባሕርይ ይዞ መጫወት ይፈቀድለታል ወይስ አይፈቀድለትም? ጥያቄውን ያመጣችው አዲስ የተመዘገበች የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ናት። የደንብ መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር አንብባ፣ የገጸ ባሕርይዋን ወረቀት አሟልታ መጥታ "የእኔዋ አጽም የምታስነሣ አስማተኛ ናት" አለች። ግማሹ ተማሪ በደስታ ጮኸ፤ የቀረው ፊቱን አጠቆረ።

ክበቡን ለማያውቁ አንባቢያን ላስረዳ። አንድ ተማሪ የጨዋታ መሪ ሆኖ ምናባዊውን ዓለም ይተርካል። ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይዘው ምን እንደሚያደርጉ ይናገራሉ፤ ውጤቱ አጠራጣሪ ሲሆን ባለ ሃያ ገጽ ዳይስ ይወረወራል። የምንጫወተው ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን እ.ኤ.አ. በ1974 ያሳተሙትን የደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ጨዋታ ሲሆን፣ የምንከተለውም እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣውን አምስተኛ እትም ነው። በዚህ ጨዋታ አስማት በስምንት ዘርፎች የተከፈለ ነው፤ ሙታን መሳብ ከስምንቱ አንዱ ነው።

የተቃወሙት ተማሪዎች ያለ ማስረጃ አልተነሡም። መጽሐፉ ራሱ ሙታንን አስነሥቶ ማዘዝ መልካም ሥራ አለመሆኑን፣ አዘውትረው የሚያደርጉትም ክፉዎች ብቻ መሆናቸውን ይናገራል። ክርክሩን ያዞረው አንድ የዐሥረኛ ክፍል ተማሪ ነው። ከሞተ ዐሥር ቀን ያልበለጠውን ሰው ወደ ሕይወት የሚመልሰው ድግምት በዚያው እትም ውስጥ የተመደበው እዚሁ ዘርፍ ውስጥ መሆኑን አሳየን። ለዚያ ድግምት 500 የወርቅ ሳንቲም የሚያወጣ አልማዝ ያስፈልጋል፤ ከአልማዙ በላይ ደግሞ የሟቹ ነፍስ ለመመለስ ፈቃደኛ መሆን አለባት። አጽም የሚያስነሣው ድግምት ግን የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም፤ አንዲት ጠብታ ደም፣ ቁራጭ ሥጋና ቁንጥር የአጥንት ዱቄት ይበቁታል። ልጆቹ ልዩነቱን በራሳቸው አንደበት "ፈቃድ" ብለው ሲጠሩት ስሰማ፣ ይህ ገጸ ባሕርይ ከጠረጴዛችን መባረር እንደሌለበት እርግጠኛ ሆንኩ።

ስለዚህ ተማሪዎቹ የራሳቸውን ስምምነት ጻፉ። በውጊያ ከወደቀ ጠላት በቀር የማንም አስከሬን ያለ ሟቹ ፈቃድ አይነሣም፤ ፈቃዱም በሕይወት ሳለ ወይም ከሞተ በኋላ ተጠይቆ የተገኘ መሆን አለበት። የሞተ የጓደኛን ገጸ ባሕርይ ማስነሣት የሚቻለው ባለቤቱ ተጫዋች ሲፈቅድ ብቻ ነው። ከጠረጴዛው መሐል አንድ ካርድ ይቀመጣል፤ ያንን ካርድ የነካ ሰው ምክንያት ሳይጠየቅ ትዕይንቱ ይታለፋል። በዓመቱ ውስጥ የቤተሰብ ሐዘን የደረሰበት ተማሪ ነበረን፤ ካርዱን ነካ፤ ታለፈ፤ ጨዋታውም ቀጠለ። ሥጋት የገባቸው ወላጆችም መጥተው አብረውን ተቀምጠዋል። ሥጋታቸው ተገቢ ነበር፤ መምጣታቸውም ክበቡን ጠቅሞታል፤ አመሰግናቸዋለሁ።

ሁለተኛው ችግር ጊዜ ነበር። አራት አጽሞች ያሉት ተጫዋች በየተራው አራት ጊዜ ይወረውራል፤ ሌላው እጁን አጣጥፎ ይጠብቃል። መፍትሔውን ያገኙት ራሳቸው ናቸው፦ ሙታን ሳቢዋ ታዛለች፣ ዳይሱን ግን ጓደኞቿ አንድ አንድ አጽም ተከፋፍለው ይወረውራሉ። እኔ የሒሳብ መምህር ነኝና አጋጣሚውን አላሳለፍኩትም። የመከላከያ ቁጥሩ 16 በሆነ ጠላት ላይ ቀስት የሚወረውር አጽም፣ ደንቡ በውጤቱ ላይ 4 ስለሚደምርለት፣ በዳይሱ ላይ 12 ወይም ከዚያ በላይ ሊያገኝ ይገባል፤ ይህም ከሃያ ዘጠኝ፣ ማለትም 45 በመቶ ነው። ከአራቱ ቢያንስ አንዱ የመምታቱ ዕድልስ? ብዙዎቹ 180 በመቶ ብለው ጀመሩና ከመቶ ማለፉን ሲያዩ ተሳሳቁ። አራቱም የመሳታቸውን ዕድል አስልተን ከመቶ ስንቀንስ 91 በመቶ ገደማ ወጣ። ከዚያ ወዲህ በክፍል ውስጥ ስለ ዕድል ስናገር የሚያንቀላፋ የክበቡ አባል አላየሁም።

ቁጥሩ ሙታን ሳቢነት ርካሽ ኃይል ያስመስለዋል፤ ደንቡ ግን ያስከፍላል። አንድ የተነሣ አጽም የሚታዘዘው ለ24 ሰዓት ብቻ ነው፤ ድግምቱ በጊዜው ካልታደሰ መታዘዝ ያቆማል። አጽም የሚያስነሣው ድግምት የሦስተኛ እርከን ነው፤ አምስተኛ ደረጃ ላይ ያለች አስማተኛ ደግሞ የዚህ እርከን ድግምት በመደበኛው በቀን ሁለት ብቻ አላት። አራት አጽሞችን ለማቆየት አንዱን በየቀኑ ትከፍላለች፤ የቀኑ ትልቁ አቅሟ ገና ሳይነጋ በግማሽ ይጎድላል። ተማሪያችን በአንድ የወንዝ ማቋረጫ ውጊያ ሁለቱንም ድግምቶች ጓደኞቿን ለማዳን አዋለቻቸው። በነጋታው አጽሞቹ ቀስታቸውን ወደ እነርሱ አዞሩ። ማንም አልወቀሳት፤ እንዲያውም ዋጋውን አውቃ መክፈሏን አደነቁላት።

በሁለተኛው ወሰነ ትምህርት አባላቱ የኮምፒውተር ጨዋታዎችን አጥንተው አቀረቡ። እ.ኤ.አ. በ2000 በወጣው ዲያብሎ 2 ሬሳ እንደ ጥይት ነው፤ ሙታን ሳቢው ያስነሣዋል ወይም ያፈነዳዋል። እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ሦስተኛው ሂሮስ ኦፍ ማይት ኤንድ ማጂክ ደግሞ ከውጊያ በኋላ ከወደቁት ጠላቶች የተወሰነው ክፍል በአሸናፊው ሙታን ሳቢ ጦር ውስጥ አጽም ሆኖ ይሰለፋል። አንዲት የዐሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ግን ጥንታዊዎቹ ታሪኮች ጦር እንደማያውቁ አስተዋለች። በጥንታዊው የግሪክ ታሪክ ኦዲሲየስ ጉድጓድ ቆፍሮ የበግ ደም ያፈሰሰው ከሞተው ነቢይ ከቲሬስያስ ምክር ለማግኘት ነው። ንጉሥ ሳኦልም ወደ ዓይንዶር የሄደው ሳሙኤልን ለመጠየቅ ነበር። በእኔ እምነት የዓመቱ ምርጥ ሐሳብ ይህ ነው፤ ሙታን መሳብ በጨዋታ ውስጥ የሚያምረው ሰው ለመጠየቅ ሲደፍር ነውና።

ሐሳቡ ወዲያው ፍሬ አፈራ። ተጫዋቾቹ በአንድ ምሽግ በር የዘበኛ አስከሬን አገኙ፤ በሩን ለጠላት የከፈተው ማን እንደሆነ ማወቅ ነበረባቸው። ሙት የሚያናግረው ድግምት በእኛ መጽሐፍ ለአስማተኛ አልተሰጠም፤ ያወረደው የአዝማሪ ገጸ ባሕርይ የያዘው ተማሪ ነው። ደንቡ የሚፈቅደው አምስት ጥያቄ ብቻ ነው። ሟቹ የሚያውቀው በሕይወቱ ያወቀውን ነው፤ መልሱም አጭር ነው። ልጁ ቸኩሎ "ትሰማናለህ?" አለ። "እሰማለሁ።" አንዱ ጥያቄ በዚህ ባከነ። "በሩን ማን ከፈተ?" "ቁልፍ የያዘው።" "ቁልፉ በማን እጅ ነበር?" "በእጄ።"

ከዚያ በኋላ እስኪደወል ድረስ የተሟገቱት በሁለት ጥያቄዎች ላይ ነው። ሙታን ሳቢዋ "ለምን" ብለው ከጠየቁት እንቆቅልሽ ይመልሳል ብላ ሞገተች፤ ረታችም። "ማን አስገደደህ?" ብለው ጠየቁት። "ማንም። ለመኑኝ።" "የለመኑህ እነማን ናቸው?" "ብርድ የጠናባቸው።" ጠላት የገባው ከስደተኞች ጋር ተቀላቅሎ ኖሯል።

አንደኛው ተጫዋች ዘበኛውን አስነሥተን በሩን እናስጠብቀው አለ። ሌላው ስምምነቱን አወጣ፦ ዘበኛው ጠላት አይደለም፤ ፈቃዱ ያስፈልጋል፤ ፈቃዱን የሚጠይቁበት ጥያቄ ደግሞ አልቀረም። አንድን አስከሬን እንደገና ለማናገር ዐሥር ቀን መጠበቅ ግድ ነው።

የሚመጣው ዓመት ጨዋታ ከዚያ ዐሥረኛ ቀን ይጀምራል። የጨዋታ መሪነቱን የሚረከበው ያው የዐሥረኛ ክፍል ተማሪ ነው፤ አምስቱ አዳዲስ ጥያቄዎች በክረምቱ ተዘጋጅተው እንዲመጡ አባላቱ ተስማምተዋል። ተመዝጋቢ ስለበዛ ሁለተኛ ጠረጴዛና አንድ ተጨማሪ የዳይስ ስብስብ ያስፈልገናል፤ አዲስ አባል መሆን የሚፈልግ ተማሪ ስምምነቱን አንብቦ በመፈረም በመጀመሪያው ሳምንት መመዝገብ ይችላል።