የግድብ ዙሪያ ሜዳ አይደለም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

በግድብ ሐይቅና በአካባቢው ተራሮች ስለሚደረጉ የብስክሌት ጉዞዎች ያወጣችሁትን ጽሑፍ በደስታ ነው ያነበብኩት። የስፖርት ገጽ ከእግር ኳስ ወሬ ተርፎ ለብስክሌት ቦታ ሲሰጥ ስንቴ ይታያል? ምስጋናዬ እንዳለ ሆኖ አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። ጽሑፉ መንገዶቹን ለሁለት ከፍሎ የሐይቁን ዙሪያ «ለጀማሪ»፣ ተራራውን «ለጠንካራ» ብሎ ደልድሏል፤ ለእያንዳንዱም ርዝመቱንና አማካይ ዳገቱን በአንድ ቁጥር ሰጥቷል። ይህ አከፋፈል ጀማሪውን ጉድ ይሠራዋል።

የተፈጥሮ ሐይቅ ዳርቻ ብዙ ጊዜ ደለል የሞላው ሜዳ አለው፤ መንገዱም ከውሃው ጎን ለጎን ለጥ ብሎ ይሄዳል። ግድብ ግን ሸለቆ ተዘግቶ የተጠራቀመ ውሃ ነው። በሸለቆው ወለል ያልፍ የነበረው ቀላሉ መንገድ ከነድልድዩ ከውሃ በታች ቀርቷል። በፈረንሳይ የሴር ፖንሶን ግድብ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ሲሠራ መንገድ ብቻ ሳይሆን ሳቪን የተባለው መንደር ጭምር ሰጥሞ ከፍ ካለ ቦታ ላይ እንደ አዲስ ተሠርቷል። በእንዲህ ያለ ቦታ ምትክ ሆኖ የሚወጣው መንገድ ከተራራው ወገብ ላይ የተቆረጠ ነው። ውሃው ደግሞ በየገባር ወንዙ አፍ ወደ ውስጥ ስለሚገባ መንገዱ እያንዳንዱን ገባር ተከትሎ መግባትና መውጣት ግድ ይሆንበታል።

ይህ በብስክሌት ላይ ሲሆን ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ። አፋፉ ላይ ሐይቁ ወለል ብሎ ይታያል፤ ከዚያ መንገዱ ወደ ገባሩ ይታጠፍና ቁልቁል ይለቃል። ታች ፀሐይ የማያገኘው ጠባብ ድልድይ አለ። አስፋልቱ እርጥብ ነው፣ መታጠፊያው ላይ ከገደሉ የወረደ ጠጠር ተበትኗል፤ ስለዚህ በቁልቁለቱ የተገኘውን ፍጥነት ይዞ ማዶ መውጣት አይታሰብም፣ ፍሬን መያዝ ነው። ድልድዩ እንዳለቀ ዳገቱ ቀጥ ብሎ ይጀምራል፤ ማርሹን አስቀድሞ ያላቀለለ ሰው ካቴናው እየተንቋቋ ከኮርቻው ተነስቶ ለመርገጥ ይገደዳል። ጥቂት መቶ ሜትር ሄዶ እንደገና አፋፍ፣ እንደገና ሐይቁ፣ እንደገና ቁልቁለት። እያንዳንዱ ዳገት 30 ሜትር ከፍታ ቢኖረውና በአንድ ዙር 20 ጊዜ ቢደጋገም 600 ሜትር ተወጣ ማለት ነው፤ ደህና ተራራ ነው። ዙሩ ግን የሚያልቀው ከተነሳበት ቦታ ስለሆነ አማካይ ዳገቱ ዜሮ ነው! ጽሑፋችሁ «ሜዳማ» ያለው ይህንኑ ዜሮ አይቶ ይመስለኛል።

ወደ ተራራው ስንመጣም አማካይ ቁጥር ያው ነው፣ ሸፋፍኖ ያልፋል። 10 ኪሎ ሜትር ርዝመትና 5 በመቶ አማካይ ያለው ዳገት 500 ሜትር ይወጣል። ከዚህ ውስጥ 3 ኪሎ ሜትሩ በግድቡ ዳር የሚሄድ ሜዳ ከሆነ የቀረው 7 ኪሎ ሜትር ከ7 በመቶ በላይ ነው። ተራራና ግድብ አንድ ላይ ባሉበት ቦታ ይህ የተለመደ ነገር ነው። በፈረንሳይ አልፕስ ቦፎር ከተባለችው መንደር ተነስቶ ኮርሜ ደ ሮዝላን ወደተባለው የተራራ ማለፊያ የሚወጣው 20 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ በአማካይ 6 በመቶ ገደማ ነው ይባላል፤ መሃል ላይ ግን በሮዝላን ግድብ ዳር ጋብ ይላል፤ ሂሳቡን የሚከፍለው ከሐይቁ በታችና በላይ ያለው ዳገት ነው። (ሐይቁ ዳር የምትታየው ትንሽ የጸሎት ቤት፣ ከመንደሩ ጋር በሰጠመችው አምሳያ ዳግም የተሠራች ናት። ለማረፍ ሰበብ ለሚፈልግ ጥሩ ቦታ ነች።)

በዚያው በአልፕስ ያለው የግላንዶን ተራራ መንገድ ደግሞ ይብሳል። ከቬርኒ ግድብ ሥር ተነስቶ 24 ኪሎ ሜትር ያህል ሲወጣ አማካዩ 5 በመቶ እንኳ አይሞላም፤ ወረቀት ላይ የሽርሽር መንገድ ይመስላል። ነገር ግን መሃል ላይ የወጡትን መልሶ የሚያስወርድ ቁልቁለት አለው፤ ከእሱ በኋላ የሚመጣው ዳገት ከ10 በመቶ ያልፋል። ላይኛው ግድብ ግራን ሜዞን ይባላል። ከእሱ እስከ ቬርኒ ያለው የከፍታ ልዩነት ከ900 ሜትር በላይ ነው፤ የመብራት ፍላጎት ሲቀንስ ውሃው በፓምፕ ወደ ላይ ይገፋል፣ ፍላጎቱ ሲጨምር ተርባይን እየመታ ይወርዳል። ማመንጫው ወደ 1,800 ሜጋ ዋት የሚደርስ አቅም አለው። ውሃውን ለማውጣት ይህን ያህል ማሽን ያስፈለገበትን ከፍታ ነው እንግዲህ ሰው በሁለት እግሩ «5 በመቶ አይሞላም» ተብሎ የሚላከው።

አማካይ ሁልጊዜ ያታልላል ማለቴ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 የቱር ደ ፍራንስ 17ኛ ቀን ውድድር ያለቀው ስዊዘርላንድ ውስጥ በኤሞሶን ግድብ ነበር፤ በዚያ ዓመት ጸጋቡ ግርማይ በዚህ ውድድር የተሳተፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። የመጨረሻው ዳገት 10.4 ኪሎ ሜትር፣ አማካዩ 8.4 በመቶ ነበር። እዚህ አማካዩ ራሱ ያስፈራል፤ ማንም ተታሎ አይሄድበትም።

ታዲያ ለአንባቢ የሚጠቅመው ቁጥር የትኛው ነው? የከፋው አንድ ኪሎ ሜትር ስንት በመቶ እንደሆነ ነው፤ ማርሽ የሚመረጠው በእሱ ነውና። ከፊትም ከኋላም ባለ 34 ጥርስ ማርሽ የገጠመ ሰው በደቂቃ 60 ጊዜ ፔዳል ሲረግጥ በሰዓት 7.5 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። ራሱና ብስክሌቱ 80 ኪሎ ከሆኑ በ10 በመቶ ዳገት ላይ ክብደቱን ለማንሳት ብቻ 165 ዋት ያህል ይበቃዋል። በድሮው ዓይነት ከፊት 39፣ ከኋላ 25 ጥርስ የያዘ ሰው ግን በዚያው የእግር ፍጥነት 12 ኪሎ ሜትር ገደማ መሄድ አለበት፤ ያ ደግሞ ከ250 ዋት በላይ ይጠይቃል። አብዛኛው የእረፍት ቀን ጋላቢ ይህን ለረጅም ጊዜ አይችለውም። ጉልበቱ ሲታወክ የሚወቅሰው ዕድሜውን ነው እንጂ ማርሹን አይደለም።

የዙሩን አቅጣጫም ጽሑፉ ዘሎታል። በቀኝ በኩል በሚነዳበት አገር ሐይቅን በሰዓት አቆጣጠር አቅጣጫ የሚዞር ሰው ውሃው ሁልጊዜ በስተቀኙ ነው። ከተራራው በኩል የሚገናኙት መንገዶች በግራው ስለሚመጡ መኪና ድንገት በጎኑ ብቅ አይልበትም፤ ከገደሉ የሚወርደው ጠጠርም በብዛት የሚጠራቀመው በማዶኛው ጠርዝ ነው። ጉዳቱ ወደ ውሃው ያለው ገደል ቅርብ መሆኑ ነው፤ አጥሩ ዝቅተኛ በሆነበት ቦታ እኔም ወደ መሃል ጠጋ ማለትን እመርጣለሁ። ያም ሆኖ ለእኔ ምርጫው ግልጽ ነው። ነፋሱንም ብታነሱት ጥሩ ነበር፤ በተራራማ ሸለቆ ከረፋድ በኋላ ነፋሱ ወደ ላይኛው ጫፍ መንፈስ ይጀምራልና፣ በግድቡ አናት ላይ የሚያልፈው ገላጣ ክፍል በጠዋት ቢያልቅ ይሻላል።

አንዳንዱ መንገድ ደግሞ ቁልቁለቱን አስቀድሞ ዳገቱን ያቆየዋል። በማዮርካ ደሴት በጎርግ ብላው ግድብ አጠገብ የሚገነጠለው የሳ ካሎብራ መንገድ በ26 ጠመዝማዛ ወደ ባሕሩ ያወርዳል፤ መመለሻው ያው 9 ኪሎ ሜትር ከምናምን፣ 7 በመቶ ገደማ ዳገት ነው። በደከመ እግር «ትንሽ ወረድ ብዬ ልይ» የሚባልበት ቦታ አይደለም። እንዲህ ያለውን መንገድ ስትጠቁሙ «መውጫው በመጣችሁበት ነው» የምትል አንዲት መስመር ብትጨመርበት ብዙ ሰው ታድናለች።

በሚቀጥለው ጊዜ እንግዲህ ከአማካዩ ጎን የየኪሎ ሜትሩን ዳገት፣ የዙሩን ጠቅላላ የሚወጣ ከፍታ፣ የሚመረጠውን አቅጣጫ ብታወጡልን እንላለን። መንገዱ ዋሻ ካለው ርዝመቱና መብራት ይኑረው አይኑረው ይጻፍ፤ ከጠራራ ፀሐይ ዋሻ ውስጥ የገባን ብስክሌተኛ ሾፌር በቶሎ አያየውም፣ የኋላ ቀይ መብራት ሳይያዝ የሚገባበት አይደለም። ለዚህ ሁሉ ቦታ ከጠበበ፣ ከሐይቁ ፎቶዎች አንዱ ቢወጣ ቅር አይለኝም።

ከአክብሮት ጋር
ብስክሌተኛ አንባቢያችሁ