የምግብ ዝግጅት ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ፦ ሊጥ የሌለው ፒዛ

የትምህርት ቤታችን የምግብ ዝግጅት ክበብ የሚሰበሰበው ዓርብ ከሰዓት ነው። አባላቱ በድምፅ ብልጫ የመረጡት የዓመቱ ሥራ ደግሞ በሊጥ ፋንታ የተፈጨ ሥጋ የሚነጠፍበት ፒዛ ሆነ። ዓርብና ሥጋ እንደማይስማሙ የታወቀ ስለሆነ ዕቅዳችን የወጣው ካላንደር ተዘርግቶ ነው። ሥጋ የሚነካው ከፋሲካ በኋላ፣ በበዓለ ሃምሳ፣ ከሚያዝያ 17 እስከ ግንቦት 29 ባሉት ሰባት ዓርቦች ብቻ ይሆናል ተባለ። ከዚያ በፊት ያለው ጊዜ ለንባብና ለሱጎ ተመደበ።

ሐሳቡን ያመጣችው እናቷ የስኳር ሕመም ያለባቸው የ10ኛ ክፍል ተማሪ ናት። ፒዛ እሳቸው ቤት ሲገባ ለእሳቸው የሚደርሰው ሽታው ብቻ ነው አለች። አባላቱ ቁጥሩን ፈለጉ፦ 100 ግራም የስንዴ ዱቄት ውስጥ ከ70 ግራም በላይ ካርቦሃይድሬት አለ፤ ቀይ ሥጋ ውስጥ ግን የለም ማለት ይቻላል። ይበልጥ ያስገረማቸው ካቻፕ ነው። ከ100 ግራሙ 20 ግራም ያህሉ ስኳር የሆነ ነገር ከላይ ከፈሰሰበት ሊጡን መተዉ ብዙም አይጠቅምም።

በማደግ ላይ ያለ ልጅ እንጀራና ዳቦ ይተው አላልንም፤ አንልምም። ኢንሱሊን የሚወስድ ሰውም ሐኪሙን ሳያማክር ካርቦሃይድሬት በድንገት ቢቀንስ ስኳሩ ከሚገባው በታች ሊወርድበት እንደሚችል የትምህርት ቤቱ ነርስ መጥታ አስረድታለች።

ዘንድሮ ዐቢይ ጾም የካቲት 17 ሲገባ ረመዳን የካቲት 22 ተከተለ። ስለዚህ ሱጎው የተሠራው አብዛኛው አባል ሳይቀምሰው ነው። ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ በሶብላና ጥቂት የጥብስ ቅጠል ውሃው እስኪመጥ ተንተከተኩ። ጨው በዛ አልበዛም የሚለው ዳኝነት ለጥቂት ፕሮቴስታንት አባሎቻችን ወደቀ፤ እነሱም ሥልጣናቸውን በሚገባ ተጠቀሙበት።

ሥጋው ከሁለት ሥጋ ቤቶች ነው የተገዛው፣ ከክርስቲያንና ከሙስሊም። ቢላዋውም፣ መክተፊያውም፣ ጎድጓዳ ሳህኑም ሁለት ሁለት ሆነ። ከመምህራን ላውንጅ የተዋስነው ኦቭን ግን አንድ ብቻ ስለነበረ አንዱ ቡድን በኦቭን፣ ሌላው በሰፊ መጥበሻ እንዲሠራ ተስማማን። የእንጀራ ምጣድ ይሻላል ያሉ ነበሩ፤ የላውንጁ ወጥ ቤት ኃላፊ «ምጣዴን ሥጋ እንዳታስነኩብኝ!» ብለው ጉዳዩን ዘጉት። እውነታቸውን ነው፤ በዚያው ምጣድ የጾም እንጀራ ይጋገርበታል።

አሠራሩ አጭር ነው። ለአንድ ኪሎ የተፈጨ ቀይ ሥጋ ሁለት እንቁላል፣ አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ቁንዶ በርበሬ፣ እንዲሁም ተፈቅፍቆ ውሃው የተጨመቀ አንድ ሽንኩርት። ጨው የሥጋውን ፕሮቲን በከፊል ስለሚያሟሟው በደንብ ሲታሽ እጅ ላይ መጣበቅ ይጀምራል። ዳቦ ፍርፋሪ ሳይገባበት እንዳይፈረካከስ የሚያደርገው ይኸው ነው። ከዚያ ከአንድ ሳንቲ ሜትር ባልበለጠ ውፍረት ይዳመጣል።

በመጀመሪያው ዓርብ በ200 ዲግሪ ኦቭን የገባው ሥጋ ሲወጣ ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። ትሪውን ሞልቶ የገባው ሥጋ መሐል ላይ ተሰብስቦ፣ ዙሪያውን ውሃና ስብ ከቦት፣ ደሴት መስሏል። አንድ ልጅ ማስመሪያ አውጥቶ ለካው፤ 30 ሳንቲ ሜትር የነበረው 24 ሆኗል። ፕሮቲኑ ሲሞቅ ይኮማተራል፣ ሲኮማተር የያዘውን ውሃ ይተፋል። ከዚያ በኋላ ሥጋው እስከ ትሪው ጠርዝ ተዘረጋ፣ መሐሉ ሳሳ ተደረገ፣ የወጣው ፈሳሽም ተደፍቶ ላዩ በናፕኪን ሳይደርቅ ሱጎ አልተቀባም።

የክትፎ ወዳጆች «ለብ ለብ ይበቃዋል» ብለው ነበር። እዚህ ላይ አልተደራደርኩም። ሥጋ ሳይፈጭ ባክቴሪያው ያለው ላይ ላዩን ነው፤ ሲፈጭ ግን ወደ ውስጥ ይደባለቃል። ስለዚህ መሐሉ 71 ዲግሪ መድረሱ በቴርሞሜትር ካልታየ ማንም አይቀምስም።

አይብም ተሞክሯል። ሞዛሬላ ውድ ነውና ተስፋ የተጣለው አይቡ ላይ ነበር፤ ነጭ ሆኖ ገብቶ ነጭ ሆኖ ወጣ። አይብ የሚረጋው በአሬራው አሲድና በሙቀት ስለሆነ ዳግም ሲሞቅ ይደርቃል እንጂ አይቀልጥም። በሬኔት (ወተት በሚያረጋ ኢንዛይም) የሚረጋው ሞዛሬላ ግን ይቀልጣል፣ ይለጠጣል። በመጨረሻ ጥቂት ሞዛሬላ ከሥር፣ አይብ ፍርፍር ተደርጎ ከላይ ሆነ። ለእኔ ከሁሉም የጣፈጠኝ ይኸኛው ነው።

ያልጠበቅነው መጥበሻው ኦቭኑን መብለጡ ነው። ሊጥ ቢሆን አስቸጋሪ ነበር፤ ሥጋ ግን በሳህን ተደግፎ ይገለበጣል። የበሰለው ፊት ወደ ላይ ሲሆን ሱጎና ቺዝ ይደረግበታል፣ ክዳን ይገጠምበታል፣ ቺዙ በእንፋሎቱ ይቀልጣል። አብዛኞቹ ተማሪዎቻችን ቤት ኦቭን የለም፤ መጥበሻ የሌለበት ቤት ግን የለም።

ፒዛ ነው ወይ? ለእኔ ዳቦው የቀረ በርገር ነው። ሁለት ቁራሽ ያጠግባል፣ ሦስተኛው ይከብዳል። በግንቦት መጨረሻ ለወላጆች ያቀረብነው ግን ትሪው ላይ አልተረፈም።

ለ2018 የተመረጠው የጾም ዓይነቱ ነው፦ አበባ ጎመን ተፈቅፍቆና ተጨምቆ፣ በእንቁላል ፋንታ በተፈጨ ተልባ የሚያያዝ። ይህ ከመስከረም ጀምሮ ዓርብ ዓርብ ሊሠራ ይችላል። ቴርሞሜትሩ የኬሚስትሪ ላብራቶሪ ንብረት ስለሆነ ተመልሷል፤ ክበቡ የራሱ አንድ እንዲገዛለት ለአስተዳደሩ ጥያቄ አቅርበናል።