ጡረታ ለዘመንሽ፣ ካሳ ለጉልበትሽ

ውድ ልጄ፣

ባለፈው በስልክ «አባዬ፣ አንተ ጡረታውንም ካሳውንም ትወስዳለህ፤ እኔስ በጉዳቴ ምክንያት ለውትድርና ብቁ አይደለሽም ተብዬ በሕክምና ቦርድ ከአሜሪካ አርሚ ብወጣ ሁለቱንም አገኛለሁ?» ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር። እንደ እኔ አታገኚም። ምክንያቱን ሳልነግርሽ ይህን ብቻ ሰምተሽ እንዳትበሳጪ፣ ቁጭ ብዬ ልጽፍልሽ ወሰንኩ።

መጀመሪያ ማን፣ ለምን እንደሚከፍል ለይተሽ ያዢ። ጡረታ የሚከፍለው የመከላከያ መሥሪያ ቤቱ ነው፤ ላገለገልሽበት ዘመን የሚሰጥ ሲሆን እንደ ደመወዝ ታክስ አለው። የአካል ጉዳት ካሳ የሚከፍለው ቪኤ፣ የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት ነው። አገልግሎቱ በሰውነትሽ ወይም በአእምሮሽ ላይ ላደረሰው ጉዳት የሚሰጥ ስለሆነ ታክስ አይነካውም።

በድሮው ሕግ ቪኤ አንድ ዶላር ከሰጠሽ ከጡረታሽ አንድ ዶላር ይቀነስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2004 ጡረታንና ካሳን አብሮ መቀበል የሚፈቅደው ሲአርዲፒ የሚባለው መጣና ይህ ቅነሳ 20 ዓመትና ከዚያ በላይ አገልግለው ቪኤ 50 ፐርሰንትና ከዚያ በላይ የአካል ጉዳት ደረጃ ለሰጣቸው ጡረተኞች ቀስ በቀስ ቀረ፤ በ2014 ሙሉ በሙሉ ተነሳ። እኔ በዚህ በር የገባሁ ነኝ። ማመልከቻም አይጠይቅም፣ በራሱ ይስተካከላል። ከ50 በታች ላለ ግን ቅነሳው እስከ ዛሬ አለ።

ልዩነቱን በቁጥር ላሳይሽ። በድሮው የጡረታ ስሌት ሃያ ዓመት ያገለገለ ሰው የከፍተኛ ሦስት ዓመት ደመወዙ አማካይ በወር 5,000 ዶላር ቢሆን፣ ለእያንዳንዱ ዓመት 2.5 ፐርሰንት ተባዝቶ ጡረታው 2,500 ይሆናል። ይህ ሰው ያለ ቤተሰብ ከሆነና ቪኤ 40 ፐርሰንት ከሰጠው፣ በ2025ቱ ተመን ካሳው 774.16 ነው። ያው ገንዘብ ከጡረታው ይነሳና ድምሩ እዚያው 2,500 ላይ ይቀራል፤ የሚያተርፈው የታክሱን ብቻ ነው። 50 ፐርሰንት ሲደርስ ግን ጡረታው ሳይነካ 1,102.04 ይጨመርለታል። በአርባና በሃምሳ መካከል ያለው ልዩነት በየወሩ ከሺህ ዶላር በላይ ነው ማለት ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቪኤ ፐርሰንት እንዴት እንደሚደምር ባለማወቅ ነው። 30 ለወገብ፣ 20 ለጉልበት ቢሰጥሽ 50 አይሆንም። መጀመሪያ 30 ይነሳል፣ ቀሪው 70 ነው፤ ከዚያ ከ70ው ላይ 20 ፐርሰንት፣ ማለትም 14 ይጨመራል። ውጤቱ 44 ይሆንና ወደ 40 ይጠጋጋል። አሁን የጆሮ ጩኸት ጨምሪበት፤ ብዙውን ጊዜ 10 ፐርሰንት ነው የሚሰጠው። ከቀሪው 56 ላይ 10 ፐርሰንት ሲሰላ ድምሩ ወደ 50 ይደርሳል። ሰዉ ሁሉ «እሱማ ምን አለው» ብሎ የሚተወው የጆሮ ጩኸት ነው ከ40 ወደ 50 ያሻገረው። ስለዚህ ትንሽ ብለሽ የምትተዪው ሕመም አይኑርሽ።

ወደ አንቺ ልመለስ። ሃያ ዓመት ሳይሞላሽ በሕክምና ቦርድ ስትወጪ ወሳኙ ቁጥር 30 ነው። ለሥራ ብቁ ያላደረገሽ ጉዳት 30 ፐርሰንትና ከዚያ በላይ ከተሰጠው የአካል ጉዳት ጡረታ ታገኛለሽ፤ የሕክምና ሽፋኑም አብሮሽ ይቀጥላል። ከ30 በታች ከሆነ አንድ ጊዜ የሚከፈል የስንብት ገንዘብ ብቻ ይሰጥሽና ቪኤ ያንን ገንዘብ ከካሳሽ ላይ እስኪመልስ ሊቆርጥ ይችላል፤ ጉዳቱ በውጊያ ቀጠና የደረሰ ከሆነ ግን አይቆርጥም። መከላከያ የሚቆጥረው ከሥራ ያስወጣሽን ጉዳት ብቻ ነው። ቪኤ ግን ከአገልግሎቱ ጋር የተያያዘውን ሁሉ ይቆጥራል። ለዚህ ነው አንድ ሰው ከመከላከያ 30፣ ከቪኤ 70 ይዞ ሲወጣ የምታዪው።

ጡረታውን ብታገኚም ሃያ ዓመት ስላልሞላሽ ሲአርዲፒ አይመለከትሽም፤ ካሳሽ ከጡረታሽ ላይ ይቀነሳል። ይህ ልክ ነው ብዬ አላምንም። ሥራውን እስከ መጨረሻ ለመሥራት ፈልጋ ሰውነቷ የከለከላት ወታደር ከእኔ ያነሰ የምታገኝበት ምክንያት አይታየኝም። በውጊያ ነክ ጉዳት ለወጡት ይህንን ለማስተካከል በሻለቃ ሪቻርድ ስታር ስም የተሰየመ ረቂቅ ሕግ በኮንግረስ በተደጋጋሚ ቀርቧል። ቢሆንም በረቂቅ ላይ የቤት ወጪ አይታቀድም፣ ልጄ።

ላንቺ ያለው ሌላ በር ሲአርኤስሲ ይባላል። ውጊያ ነክ ለሆነ ጉዳት፣ ከጡረታሽ የተቀነሰውን ሙሉውን ወይም የተወሰነውን ከታክስ ነፃ አድርጎ የሚመልስ ክፍያ ነው። ውጊያ ነክ ሲባል ጥይት የመታው ብቻ አይደለም። አደገኛ ተግባርና ለጦርነት የሚደረግ ልምምድም ይገባበታል፤ የፓራሹት ዝላይ ደግሞ ከአደገኛ ተግባር ይቆጠራል። አንቺ በፎርት ብራግ ጦር ሰፈር ስትዘዪ ጉልበትሽን የተሰበርሽው በዚሁ መስመር የሚታይ ነው። በሕክምና ጡረታ ለወጣ ሰው ክፍያው ከአገልግሎት ዘመኑ ከሚመጣው የጡረታ ክፍል አያልፍም፤ ስለዚህ ትልቅ ገንዘብ አትጠብቂ። ይህ በራሱ አይመጣም፤ ዲዲ 2860 የተባለውን ቅጽ ሞልተሽ የምታቀርቢው ለቪኤ ሳይሆን ለራስሽ ጦር፣ ለአርሚ ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በጁን 2025 ሶቶ በተባለ የቀድሞ ወታደር ጉዳይ፣ የኋላ ክፍያውን በስድስት ዓመት የሚገድበው ሕግ ለሲአርኤስሲ እንደማይሠራ ወስኗል። ዘግይተው የሚያመለክቱ ጓደኞች ካሉሽ ንገሪያቸው።

ሁሉም ግን የሚወሰነው በወረቀት ነው። ቪኤ ሦስት ነገር ይፈልጋል፦ አሁን ያለ ሕመም፣ በአገልግሎት ላይ የደረሰ ነገር፣ ሁለቱን የሚያገናኝ የሐኪም ቃል። የመጀመሪያውን በማንኛውም ጊዜ ታሳያለሽ። ሁለተኛው ግን ዩኒፎርም ላይ ሳለሽ ክሊኒክ ሄደሽ ካላስመዘገብሽ በኋላ ማስረዳቱ አድካሚ ነው። ከወገብሽ ያለውን፣ እንቅልፍ የነሳሽን፣ ጆሮሽን፣ ሁሉንም ከመውጣትሽ በፊት ሐኪም ይጻፈው። ቦርዱ ውስጥ ስትገቢ የቪኤው ጥያቄም አብሮ ስለሚሄድ፣ ቦርዱ ከላከሽ ጉዳት ውጪ ያለውንም መጀመሪያውኑ በቅጹ ላይ አስመዝግቢ። ከመሰናበትሽ በፊት የሕክምና ፋይልሽን ሙሉ ቅጂ ውሰጂ፤ ዲዲ 214 የተባለው የስንብት ወረቀት ሲሰጥሽም ሳትፈርሚ ዝላይሽና ሽልማትሽ በትክክል መጻፉን ተመልከቺ።

የቪኤው ምርመራ ቀን የሚሆነውን ልንገርሽ፣ ምክንያቱም ጠባይሽን አውቃለሁ። መርማሪው የማዕዘን መለኪያ ይዞ ጉልበትሽን እጠፊ ይልሻል። አንቺ ጥርስሽን ነክሰሽ እስከ መጨረሻው ታጥፊያለሽ፣ እሱም ያንን ይጽፋል። የሚቆጠረው በዲግሪ ነው፤ እጥፋቱ 45 ላይ ከቆመ 10 ፐርሰንት፣ 30 ላይ ከቆመ 20። ሕመሙ የሚጀምርበት ቦታ ስትደርሺ «እዚህ ላይ ያመኛል» በይ፣ ድምፅሽን አውጥተሽ። ደረጃ ስትወርጂ ምን እንደምትይዢ፣ በከፋው ቀን ከአልጋ እንዴት እንደምትነሺ ተናገሪ። «እንዴት ነሽ?» ሲልሽ «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» የሚለው አስተዳደጋችን ነው፤ እዚያ ክፍል ውስጥ ግን ፋይልሽ ላይ ደህና ተብሎ ይጻፋል። አታጋኚ፣ አትዋሺ፣ አትደብቂም። ከአንቺ የባሰ የተጎዳ አለ ብለሽም ይሉኝታ አይያዝሽ፤ ያንቺ ካሳ ከማንም ጉሮሮ የሚነጠቅ አይደለም።

ፐርሰንትሽን ከፍ እናደርግልሻለን ብለው ከካሳሽ ድርሻ የሚጠይቁ ድርጅቶች ይደውሉልሻል። ስልኩን ዝጊው። ለመጀመሪያ ማመልከቻ ክፍያ መጠየቅ በሕግ የተከለከለ ነው፤ ዲኤቪ፣ ቪኤፍደብሊው እና አሜሪካን ሊጅን የተባሉት የቀድሞ ወታደሮች ማኅበራት በነፃ ይረዳሉ።

ውሳኔው ሲመጣ ካልተስማማሽ አንድ ዓመት አለሽ፤ በዚያ ውስጥ አዲስ ማስረጃ ማቅረብ፣ በከፍተኛ ገምጋሚ እንዲታይ መጠየቅ ወይም ወደ ይግባኝ ቦርዱ መሄድ ትችያለሽ። ዓመቱ ሳያልፍ ከጠየቅሽና ከተሳካልሽ የመጀመሪያው የክፍያ ቀንሽ ይጠበቅልሻል። የሕክምና ቦርዱን ደብዳቤ ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ፣ የትኞቹን ጉዳቶች እንደጠቀሱ ቅዳሜ አብረን መስመር በመስመር እናነበዋለን።

አባትሽ