አንዲት ቁራጭ ጠፋች ተብሎ ሞዴሉ አይጣል

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በዘመድ ሻንጣ ከውጭ የሚመጡ የፕላስቲክ ሞዴል አውሮፕላኖች ብዙዎቹ ሳይገጣጠሙ አልጋ ሥር የሚቀሩት አንዲት ቁራጭ ስለጠፋች ብቻ ነው። ጥፍር ለምታህል ክፍል ከባሕር ማዶ መለዋወጫ ማስላክ ከሞዴሉ ዋጋ በላይ ሊያስወጣ ይችላል። ሆኖም የጠፋውን ክፍል እዚሁ ፒያሳ፣ ቤት ውስጥ ባለ ዕቃ መሥራት ይቻላል። ልጆቻቸው በዚህ ሥራ ለሚደሰቱ ወላጆች እንዲጠቅም አሠራሩን በዝርዝር እጽፋለሁ።

ምሳሌዬ ዲሲ-3 የተባለው ባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላን ፕሮፔለር፣ ማለትም ከሞተሩ ፊት የሚሽከረከረው ክፍል፣ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የመጀመሪያውን በረራ ወደ ካይሮ ያደረገው በዚሁ አውሮፕላን ወታደራዊ ሥሪት፣ በሲ-47 ነው። ልደታ የአውሮፕላን ሜዳ እንደነበረ የሚያስታውሱ ሰዎች ባሉባት ከተማ ለምሳሌነት ከዚህ የሚቀርብ የለም። ከሦስቱ የፕሮፔለር ምላሶች አንዷ ጠፍታለች እንበል።

ሥራው በልኬት ይጀምራል። የእውነተኛው ፕሮፔለር ስፋት ከጫፍ እስከ ጫፍ 3.5 ሜትር ገደማ ነው። በ1/72፣ ማለትም ከእውነተኛው 72 ጊዜ አንሶ፣ ለተሠራ ሞዴል 3500 ሚሊ ሜትር ለ72 ሲካፈል 48.6 ይሆናል፤ ግማሹ 24.3 ሚሊ ሜትር የአንዷ ምላስ ርዝመት ነው፣ ከመሐል እስከ ጫፍ። ሞዴሉ 1/48 ከሆነ 36.5 ሚሊ ሜትር ይሆናል። መመሪያው ወረቀት ላይ ካለው ሥዕል መገልበጥ ግን አያዋጣም፤ ሥዕሉ የሚታተመው ለገጹ እንዲመች እንጂ በሞዴሉ ልክ አይደለም። ወርዱንና ውፍረቱን ከቀሩት ምላሶች ላይ በካሊፐር (በውፍረት መለኪያ) ውሰዱ፦ ሥሩ ላይ፣ መሐሉ ላይና ጫፉ አጠገብ። የዲሲ-3 ሁለቱም ሞተሮች ወደ አንድ አቅጣጫ ስለሚዞሩ የሌላው ሞተር ፕሮፔለርም በልኬትነት ያገለግላል። እንደ ፒ-38 ያለው ባለ ሁለት ሞተር ተዋጊ አውሮፕላን ግን ፕሮፔለሮቹ በተቃራኒ አቅጣጫ ስለሚዞሩ የአንዱን ለሌላው መገልበጥ አይቻልም።

ሞዴሎቹ የሚሠሩት ከፖሊስታይሪን ነው፤ የምትጠቀሙበትም ፕላስቲክ ያው መሆን አለበት። ሥሩ ላይ በሦስት ማዕዘን ውስጥ ቁጥር 6 ያለበት ነጭ የመጠጫ ኩባያ ወይም ሳህን ይሆናል። አረፋ መሰሉን ተዉት፣ ለማጣበቂያ የምንጠቀምበት ፈሳሽ፣ አሴቶን፣ ያቀልጠዋል። ቁጥሩ ከሌለ ቁራጩን ውሃ ውስጥ ክተቱት። ፖሊስታይሪን ይሰጥማል፤ ሙጫ የማይዘው ፖሊፕሮፒሊን ይንሳፈፋል። ከሰጠመም አንድ ጠብታ አሴቶን አድርጉበትና በጣት ሳይሆን በእንጨት ንኩት፤ ከለሰለሰና ከተጣበቀ ይሆናል። በየቤቱ የተጣለው የሲዲ መያዣም ፖሊስታይሪን ነው፣ ግን ደረቅ ስለሆነ ሲጠመዘዝ ይሰነጠቃል። ለመስኮት እንጂ ለፕሮፔለር አይሆንም።

አስቸጋሪው ነገር የምላሷ ጥምዝ ነው። ሥሯ ላይ ቀጥ ብላ የቆመች፣ ወደ ጫፏ እየተኛች የምትሄድ መሆን አለባት። ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ምክር «በፈላ ውሃ አልስልሰህ ጠምዝዝ» ነው። አዲስ አበባ ላይ ይህ በደንብ አይሠራም። ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር በላይ ስለሆንን ውሃችን የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፣ ፖሊስታይሪን በደንብ የሚለሰልሰው ደግሞ ወደ 100 ዲግሪ ሲጠጋ ነው። ስለዚህ ሲቀዘቅዝ ወደ ነበረበት ይመለሳል። ሻማ ላይ ከያዛችሁት ደግሞ አረፋ ያወጣል፣ ይጠቁራል፣ ይቀልጣል።

ያለ ሙቀት የሚሠራው መንገድ መደራረብ ነው። ከኩባያው ግድግዳ 60 ሚሊ ሜትር ርዝመትና 6 ሚሊ ሜትር ወርድ ያላቸው ቀጫጭን ሰቆች ቁረጡ፤ ግድግዳው 0.3 ሚሊ ሜትር ከሆነ ሦስት፣ 0.5 ከሆነ ሁለት ይበቃል። በአንድ ጊዜ ተጭኖ ለመቁረጥ ከመሞከር በከተር አራት አምስት ጊዜ ቀስ ብሎ መስመሩን መሄድ ይሻላል። ሰቆቹን በአሴቶን ቀጭን አድርጋችሁ ቀቡና አንዱን በአንዱ ላይ አስተኙ። አንዱን ጫፍ በልብስ መቆንጠጫ እንጨት ላይ አጥብቁ፣ 40 ሚሊ ሜትር ርቃችሁ ሌላውን ጫፍ ያዙና 45 ዲግሪ ጠምዝዛችሁ በሁለተኛ መቆንጠጫ እሰሩት። ሲደርቅ ጥቂት ስለሚመለስ በየሚሊ ሜትሩ 1 ዲግሪ ያህል ይቀራል፤ ለዲሲ-3 የሚበቃው ይኼ ነው። ጥምዙን የሚይዘው የተጣበቁት ድርቦች አንዱ ሌላውን ስለሚከለክል ነው። አንድ ሙሉ ቀን ሳይነካ ይቆይ። መሐል ላይ የታፈነ አሴቶን ሳይተን ከሞረዳችሁት ላዩ ይጎደጉዳል።

የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ተብሎ የሚሸጠው ብዙ ጊዜ ውሃና ዘይት ስላለበት ማጣበቂያው ይላቀቃል። ከቀለም ቤት ንጹሕ አሴቶን ግዙ፤ በፕላስቲክ ኩባያም አትቅዱት። መስኮት ይከፈት፣ ሻማና ምድጃ በክፍሉ ውስጥ አይኑር፤ ትነቱ በእሳት ቶሎ ይያያዛል። ይህን ክፍል ከልጁ ጋር አዋቂ ይሥራው።

ከደረቀ በኋላ የምላሷን ቅርጽ ከጥምዙ ሰቅ ላይ ቁረጡ፤ ቅርጹ ቀድሞ ከወጣ የሚይዙት ጫፍ አይኖርም። አቅጣጫውን የሚስቱ ብዙ ናቸው። የአውሮፕላኑን አፍንጫ ፊት ለፊት ስታዩ ምላሷ ወደ ላይ ከቆመች የግራ ጠርዟ ወደ እናንተ የቀረበና ወፍራም፣ የቀኝ ጠርዟ ወደ ኋላ የራቀና ቀጭን ይሁን። በ400 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ውሃ እየነካችሁ ሞርዷት፣ በ600 ጨርሱ።

ወደ መሐሉ ክብ የምትገባው በሽቦ ነው። ከስልክ ገመድ የሚወጣ 0.4 ሚሊ ሜትር መዳብ 4 ሚሊ ሜትር ቁረጡ፤ ግማሹ በምላሷ ሥር፣ ግማሹ በመሐሉ ይግባ። ቀዳዳውን በመርፌ ጫፍ እያዞራችሁ ክፈቱ፣ በጋለ መርፌ ከተወጋ ዙሪያው ያብጣል። ማጣበቂያው እዚህ ላይ ሱፐር ግሉ ነው፤ አሴቶን ቀጭኑን ሥር ያለሰልሰዋል። ወረቀት ላይ 48.6 ሚሊ ሜትር ክብ አስምሩና በ120 ዲግሪ ሦስት መስመር አውጡ፣ ፕሮፔለሩን በላዩ አስተካክሉ። ከዚያ አንድ ስፒል ከምላሷ ጫፍ አጠገብ አቁማችሁ ፕሮፔለሩን በእጅ አዙሩ። ሦስቱም ጫፎች ስፒሉን በእኩል ርቀት ካላለፉ ሙጫው ሳይጠነክር አቃኑ።

ምላሶቹን ጥቁር ከመቀባታችሁ በፊት ጫፎቹን ነጭ፣ ከዚያ ቢጫ ቀቡ፤ ቢጫ በጥቁር ላይ አይወጣም። የጦር ሲ-47 ላይ ቢጫው 10 ሴንቲ ሜትር ነበር፣ በ1/72 ደግሞ 1.4 ሚሊ ሜትር ይሆናል።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር የምላሷን ሥዕል በትክክለኛ መጠኑ አያይዣለሁ። ብታትሙት ከጎኑ ያለውን የ5 ሴንቲ ሜትር መስመር እንዳትቆርጡት አደራ እላለሁ። ገጹ ሲዘጋጅ ሥዕሉ ካነሰ ወይም ከሰፋ አንባቢው መስመሩን በማስመሪያ ለክቶ ልዩነቱን ማስላት ይችላል።

አክባሪያችሁ
አንድ አንባቢ፣ ከፒያሳ፣ አዲስ አበባ