ትንፋሽ በግምት አይጻፍ

ክቡር አዘጋጅ፣

እዚህ ሐዋሳ ሕመምተኛ ከባጃጅ ተደግፎ ወርዶ ድንገተኛ ክፍል ሲደርስ፣ ከካርድ በፊት ልየታ፣ ማለትም ማን ቀድሞ መታከም እንዳለበት በቀለም መለየት፣ ሊቀድም ይገባል። ቀይ ወዲያውኑ፣ ብርቱካናማ በ10 ደቂቃ፣ ቢጫ በ1 ሰዓት፣ አረንጓዴ በ4 ሰዓት ውስጥ ይታያል።

ቀለሙን የሚወስነው ከትንፋሽ፣ ከደም ግፊት፣ ከልብ ምትና ከመሳሰሉት ልኬቶች የሚደመረው ነጥብ ነው፤ ነጥቡ በብዛት የሚበላሸው ደግሞ ትንፋሽ ላይ ነው። ግፊትንና የልብ ምትን መሣሪያ ያነባል፤ ትንፋሽን ግን ሰው መቁጠር አለበት። ወረፋ ሲበዛ «በደቂቃ 20» ተብሎ በግምት ይጻፋል፤ ጥናቶችም ደጋግመው ያሳዩት ይህንኑ ነው። በደቡብ አፍሪካው የልየታ ሰንጠረዥ ለአዋቂ 20 ትንፋሽ 1 ነጥብ ሲያሰጥ፣ 30 ግን 3 ነጥብ ያሰጣል። የሳንባ ምች የያዘው ሰው ብዙ ጊዜ ግፊቱ ሳይወርድ ትንፋሹ ይፈጥናል። 2 ነጥብ ሲጎድልበት ብርቱካናማው ቢጫ ይሆንና አግዳሚ ወንበር ላይ ይቀራል። ይህ በጣም ያሳስበናል።

መፍትሔው ሕመምተኛው አውቆ ትንፋሹን እንዳይለውጥ የልብ ምት እንደሚቆጥር ሰው የእጁን አንጓ ይዞ፣ ደረቱን እያዩ ትንፋሹን ሙሉ 60 ሰከንድ መቁጠር ነው። 15 ሰከንድ ቆጥሮ በ4 ማባዛት የአንዲት ትንፋሽን ስህተት 4 ያደርጋታል። ሰከንድ የሚቆጥር የግድግዳ ሰዓት ከልየታው ጠረጴዛ ፊት ለፊት ይሰቀል።

አስታማሚዎችም፣ ሕመምተኛው እየጠበቀ ሳለ ማቃሰት ወይም መፍዘዝ ከጀመረ «እንደገና ይለካልን» በሉ።

የድንገተኛ ሕክምና ባለሙያዎች፣ ከሐዋሳ