ሌላ ምክንያት ፈልጊልኝ

ይድረስ ለውድ ልጄ፣

እንዴት ሰነበትሽ የኔ እናት? ሃዋሳ ትምህርቱ እንዴት ይዞሻል? እኛ አዳማ፣ ከሙቀቱ በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

አክስትሽ ነገረችኝ። «እኔ ሹፌር አላገባም» አልሽ አሉ። ሽማግሌ የላከብንን ልጅ አልፈልገውም ካልሽ አለቀ፤ እኔም አባትሽም አናስገድድሽም። ምክንያቱ ግን አልተዋጠልኝም። ቁጡ ነው በይ፣ አልወደድኩትም በይ፣ ያስኬዳል። ሹፌር ስለሆነ ብቻ?

በወለንጪቲ መውጫ ያለችው ምግብ ቤታችን በማን ብር የቆመች ይመስልሻል? ደብተርሽም ዩኒፎርምሽም የተገዛው ከዚያው ነው። ጋጠወጥ የለም አልልሽም። በዱቤ በልቶ የጠፋብኝ አለ፤ በየከተማው ሚስት ያለውም አለ። ከረባት አስረው ከዚህ የባሱም አውቃለሁ።

የሹፌሮቹን ኑሮ አስቢው። ከጅቡቲ ጭኖ፣ ጋላፊ ድንበር ላይ ተሰልፎ፣ በሚሌ በገዋኔ በአዋሽ አድርጎ ነው እዚህ የሚደርሰው። በበጋ... ምን በጋ፣ በክረምቱ ወራት ነው አፋር ላይ የሚብሰው፣ ከ40 ዲግሪ በላይ። ጥላ ሲያጣ ተሳቢው ስር ምንጣፍ አንጥፎ ይተኛል። ባለንብረቱ ደግሞ «የት ደረስክ?» እያለ ይደውላል። ጫቱንም ብዙዎቹ የሚቅሙት እንቅልፍ ለማባረር ነው። እሱን እንኳን አልደግፍም፤ ስንቱን ገደል ከቶታል።

በ1990 ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሳ የአሰብ መንገድ ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ ነዳጁም፣ ማዳበሪያውም፣ ዘይቱም በአብዛኛው በጅቡቲ ነው። ባቡሩ ከመጣ በኋላም አብዛኛው ጭነት በመኪና ነው የሚመጣው። በ2012 ኮሮና ሲገባ ታዲያ ምን ተደረገ? ከጅቡቲ የመጣ ሹፌር ሁሉ በሽታ ተሸካሚ ተባለ። አልጋ የከለከላቸው ነበር። ያራገፉትን ስንዴ ግን እምቢ ያለ ሰው አላየሁም!

ልጁን አውቀዋለሁ። መኪናውን ሲያቆም ቀጥታ ወደ ምግብ አይሮጥም። ብረት ይዞ 22ቱንም ጎማ እየመታ ድምፁን ያዳምጣል። አንዷ ደነዝ ያለ ድምፅ ካሰማች ወጥ ቢቀዘቅዝም ግድ የለውም። ከዚያ እጁን ታጥቦ ከረዳቱ ጋር በአንድ ትሪ ይበላል። ረዳቱን ማዶ አስቀምጦ ትርፍራፊ የሚሰጥ ስንት ሹፌር አይቻለሁ መሰለሽ። እኔ ይሄን ይሄን ነው የማየው።

ሽማግሌዎቹ እሁድ ለመልስ ይመጣሉ። እምቢ ካልሽም እስከ ቅዳሜ ደውዪና ሌላ ምክንያት ስጪኝ። «ሹፌር ስለሆነ ነው» ብዬ ፊታቸው አልቀመጥም፤ አንዱ ሽማግሌ ራሳቸው ዕድሜያቸውን ሙሉ ተሳቢ የነዱ ናቸው።

ሽሮና በርበሬ በነገው አውቶቡስ እልክልሻለሁ። መናኸሪያ ሄደሽ ከሹፌሩ ተቀበዪ።

እናትሽ