ለእማዬ፦ ስለ ክረምቱ ፊልሞች

እማዬ፣ እንደምን ከረምሽ? ጉልበትሽስ? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። ትልቁ ፈተናውን ጨርሶ እቤት ነው፤ ቁመቱ እኔን ሊያልፍ ምንም አልቀረው። ትንሿ የፊት ጥርሷ ወልቆ ስትስቅ እጇን አፏ ላይ ታደርጋለች።

ፊልም ማየት እንደተውሽ እህቴ ነገረችኝ። «የዘንድሮ ተዋናዮች አፋቸው ውስጥ ነው የሚያወሩት» ብለሻታል። እኛን ስታሳድጊ፣ ከዚያም አባዬን ስታስታምሚ ያመለጠሽን ፊልም በዚህ ክረምት ቁጭ ብለሽ ልታይ ነበር ሐሳብሽ። በዚህ ምክንያት ሲቀር ዝም ብዬ ማየት አልፈልግም። ግማሹ ጥፋት የቲቪው ነው፤ መጀመሪያ እሱን እናስተካክል።

ፊልም ለሲኒማ ቤት ሲሠራ ድምፁ በስድስት ተከፋፍሎ ነው የሚቀናበረው፤ ለግራ፣ ለቀኝ፣ ለመሀል፣ ከኋላ ለሁለት፣ ለወፍራሙ ጉርምርምታ ደግሞ ለብቻው። ሰው የሚናገረው በአብዛኛው በመሀሉ ስፒከር ነው። ያንቺ ቲቪ ያሉት ሁለት ትንንሽ ስፒከሮች ብቻ ናቸው። ስድስቱን ወደ ሁለት ሲያጭቀው ንግግሩ ከሙዚቃውና ከፍንዳታው ጋር ይደበላለቃል። በዚያ ላይ ቲቪው ቀጭን ስለሆነ ስፒከሮቹ ፊታቸውን ወደ ታች ነው ያዞሩት። ድምፅ ስትጨምሪ ሙዚቃውም እኩል ይጨምራል። ሹክሹክታው ሳይገባሽ ቆይቶ መኪና ሲጋጭ ከወንበርሽ የምትነሺው ለዚህ ነው።

ሪሞቱን ያዢና ሴቲንግ ውስጥ ግቢ፤ የጥርስ ማርሽ ምልክት ያለበት ነው። ከዚያ «ሳውንድ» የሚለውን ክፈቺ። «ሳውንድ ሞድ» ላይ «ሲኒማ» የሚለውን አትምረጪ፤ ስሙ ለፊልም የተሠራ ቢመስልም ጉርምርምታውን ነው የሚያበዛው። «ክሊር ቮይስ» የሚለውን ውሰጂ። በአንዳንድ ቲቪ «ስፒች» ወይም «ዳያሎግ» ይባላል። «ሰራውንድ» የሚል ካየሽ አጥፊው፤ ድምፁን ለማስፋት ሲል ቃሉን ያደበዝዘዋል። «ናይት ሞድ» ወይም «ኦቶ ቮሊዩም» የሚለውን ደግሞ አብሪው። ጩኸቱን ዝቅ፣ ሹክሹክታውን ከፍ አድርጎ ስለሚያቀራርባቸው ቀን ለሚያይ ሰውም ይጠቅማል። «ኢኳላይዘር» ውስጥ ደግሞ በቁጥር የተደረደሩ መስመሮች አሉ። 100 የሚለውን ሦስት አራት ደረጃ ዝቅ፣ 3 ኪሎ ኸርዝ የሚለውን ሦስት አራት ደረጃ ከፍ አድርጊ። የቃል ጥራት ያለው እዚያ አካባቢ ነው። 10 ኪሎ ኸርዙን አትንኪው፤ ከፍ ሲል ጆሮ የሚወጋ ፉጨት ያመጣል።

የላክሁልሽን ትንሽ ስፒከር ቲቪው ስር አታስቀምጪው። ከወንበርሽ አጠገብ ባለችው ጠረጴዛ ላይ፣ ከአንቺ አንድ ሜትር በማይሞላ ርቀት ይሁን። ርቀቱ በግማሽ ባጠረ ቁጥር በቀጥታ ወደ አንቺ የሚመጣው ድምፅ በ6 ዴሲቤል ያህል ይጨምራል፤ ከግድግዳና ከወለል ነጥሮ የሚመጣው ግን እንደዚያ አይጨምርም። ከሩቅ እየጮኸ ከሚያስተጋባ ቲቪ ይልቅ አጠገብሽ ያለ፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ስፒከር ንግግሩን ያጠራዋል። ገመዱ 5 ሜትር ነው፤ ጫፉን ከቲቪው ጀርባ ባለችው የሄድፎን ቀዳዳ ሰኪው። ያን ጊዜ የቲቪው የራሱ ድምፅ ቢጠፋ አትደንግጪ፣ የብዙዎቹ አሠራር ነው። እባክሽ ገመዱን በግድግዳው ጥግ ጥግ አዙሪው፤ ክፍሉን እንዳያቋርጥ፣ ምንጣፍ ስርም እንዳይገባ። በዚህ ጉልበት ገመድ አደናቅፎሽ ወደቅሽ የሚል ስልክ መስማት አልፈልግም።

ገመድ አልባው በብሉቱዝ የሚሠራው ይሻል ነበር ትይ ይሆናል። ሆን ብዬ ነው የተውኩት። ብሉቱዝ ድምፁን ጠቅልሎ ልኮ እንደገና እስኪፈታው ብዙ ጊዜ ከ100 እስከ 200 ሚሊ ሰከንድ ይፈጃል። ድምፅ ከከንፈር በ125 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ሲዘገይ ሰው ማስተዋል ይጀምራል። አንቺ ደግሞ ሰው ሲያወራሽ ዓይኑን ሳይሆን ከንፈሩን ነው የምታዪው። ይህን ካየሁ ቆይቻለሁ።

የላክሁልሽ ፍላሽ ላይ ያሉት ፊልሞች እያንዳንዳቸው ከ4 ጊጋባይት በታች ናቸው፤ ፋት 32 በተባለው አደረጃጀት ስለተዘጋጀ ከዚያ የሚበልጥ ፋይል አይቀበልም። የጎረቤት ልጅ ፊልም ሊጨምርልሽ ሲል ቦታ እያለው እምቢ ቢለው ምክንያቱ ይኸው ነውና ፍላሹን ፎርማት እንዳያደርገው፤ ሁሉም ይጠፋል። ከሌላ ሰው ባመጣሽው ፊልም ምስሉ እየሄደ ድምፁ ጨርሶ ከጠፋ ደግሞ ዲቲኤስ በተባለው የድምፅ ዓይነት የተቀዳ ሊሆን ይችላል። ብዙ ቲቪዎች እሱን አይፈቱትም። ያኔ ጥፋቱ የጆሮሽ አይደለም።

ሰብታይትሉን ምስሉ ላይ አጣብቄዋለሁ። ለብቻው በሚጫን ፋይል ቢሆን፣ የቲቪው ፊደል ግዕዝን ካላወቀ አማርኛው ባዶ አራት ማዕዘን ሆኖ ይመጣል። በትልቅ ቢጫ ፊደል፣ ከጥቁር ጥላ ጋር ነው። መጽሐፍ የምታነቢበትን መነጽር አታድርጊ፤ ለ40 ሳንቲ ሜትር ርቀት የታዘዘ ስለሆነ ቲቪው ላይ ያደበዝዝብሻል። ሌሎች በሚያመጡልሽ ፊልም ሰብታይትሉ ከንግግሩ ጋር አልገጥም ሲል ደግሞ ሁለት ዓይነት ጥፋት አለ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በእኩል መጠን ከዘገየ በሪሞቱ ይስተካከላል። ሲጀምር ገጥሞ እየቆየ የሚርቅ ከሆነ ግን አይስተካከልም። ፊልሙ በሰከንድ 24 ምስል፣ ጽሑፉ ለ25 የተሠራ ነው ማለት ነው፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ ልዩነቱ ሁለት ደቂቃ ተኩል ይደርሳል። ሌላ ሰብታይትል መፈለግ ብቻ ነው።

ምስሉን በተመለከተ ብዙ የለኝም። «ፒክቸር» ውስጥ «ሞሽን» የሚል ቃል ያለበትን አጥፊው፤ ቲቪው በምስሎቹ መሀል የራሱን ምስል እየፈጠረ ይሰካል፤ ሰው ፈጠን ብሎ ሲንቀሳቀስ ጠርዙ የሚንቀጠቀጠው ለዚያ ነው። ከላይና ከታች ያለው ጥቁር መስመርም ጉድለት አይደለም፣ ፊልሙ ሲሠራ ሰፊ ሆኖ ነው። «ዙም» አድርገሽ ከሞላሽው ግራና ቀኝ የቆሙት ሰዎች ይቆረጣሉ። ቲቪሽ 43 ኢንች ስለሆነ ከ1 ሜትር ተኩል ትንሽ ራቅ ብለሽ ተቀመጪ። አሁን ያለሽበት ሩቅ ነው።

ከምን ልጀምር ብትይ ከድሮዎቹ ጀምሪ። ድምፃቸው በአንድ ቻናል ብቻ የተቀዳ ስለሆነ የሚታጨቅ ነገር የለም፤ ንግግሩ ፊት ለፊት ነው ያለው። የቻርሊ ቻፕሊንንም ጨምሬልሻለሁ። ንግግር ያለው ፊልም እ.ኤ.አ. በ1927 ከመጣ በኋላ እሱ በ1931 እና በ1936 የሠራቸው ሁለቱ ረጃጅም ፊልሞች እያንዳንዳቸው 87 ደቂቃ ናቸው፤ ታሪኩ በፊትና በእጅ ነው የሚነገረው። ድምፁን ብታጠፊው እንኳ ታሪኩ አያመልጥሽም፤ ሙዚቃውን ግን ራሱ ነው የደረሰው፣ አታጥፊው። ከእነሱ በፊት የተሠሩት ድምፅ አልባዎች ሰው የሚሮጥ መስለው ከታዩሽ፣ በዝግታ ተቀርጸው አሁን በፈጣን መጠን ስለሚታዩ ነው። አዲሶቹን በኋላ ታይያቸዋለሽ።

የቲቪው ይህ ነው። ሌላው ግማሽ ደግሞ አለ።

ባለፈው በስልክ ስናወራ ትንሿ «አያዬ፣ መቼ ነው የምትመጪው?» አለችሽ። «እሺ የኔ ቆንጆ» ብለሽ መለስሽላት። ደግማ ጠየቀችሽ። «አዎ፣ በርቺ» አልሻት። ስልኩን ለእኔ ስትሰጠኝ ምንም አላለችም።

ዕድሜ ሲገፋ ጆሮ መጀመሪያ የሚያጣው ቀጭኑን ድምፅ ነው። ወፍራሙ ደህና ይሰማል። አናባቢው ወፍራም ነው፣ ጉልበትም አለው። «ሰ»፣ «ሸ»፣ «ፈ»፣ «ተ» ግን ቀጫጭንና ደካማ ናቸው፤ ቃልን ከቃል የሚለዩት ግን እነሱ ናቸው። ስለዚህ ሰው እያወራ እንደሆነ ይሰማሻል፣ ምን እንዳለ ነው የሚጠፋሽ። አፋቸው ውስጥ የሚያወሩ የሚመስሉሽም ለዚህ ነው። የሴትና የሕፃን ድምፅ ቀጭን ስለሆነ ቀድሞ ያመልጣል። ትልቁን ትሰሚዋለሽ፤ ድምፁ ጎርንኗል። ትንሿን ግን አትሰሚያትም።

ጆሮሽን ታይ ማለቴ ነው እማዬ።

«ምንም አልሆንኩም» እንደምትይኝ አውቃለሁ፤ በአባዬም ጊዜ «ትንሽ ድካም ነው» ነበር ያልሽን። ትምህርታችን እንዳይስተጓጎል፣ ልባችን እንዳይከፈል ብለሽ ነው፤ ይገባኛል፣ ስንት ሌሊት ብቻሽን እንደተሸከምሽውም ይገባኛል። ግን እውነቱን የነገርሽን መጥተን ልንጠይቀው የምንችለው ነገር ባልቀረበት ሰዓት ነው። እኔ ይህን እስከ ዛሬ አልነገርኩሽም፤ ሐዘን ላይ ሐዘን አይጨመርም ብዬ ነው። ያን ጊዜ መደበቅ የቻልሽው ሩቅ ስለነበርን ነው። አሁንም ሩቅ ነን። አሁንም እየደበቅሽን ነው። ልወቅስሽ አልፈልግም፤ ሁሉንም ነገር ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ። ግን አንቺም ላይ ያንኑ መድገም አልችልም።

ይህ ደግሞ እንደዚያ አይደለም፣ የሚደረግለት ነገር አለ። ምናልባት ኩክ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ሐኪሙ በመብራት አይቶ ያወጣዋል። አንቺ ግን በጥጥ እንጨት አትነካኪው፤ ወደ ውስጥ ነው የሚገፋው። ከዚያ ጸጥ ባለ ክፍል ሄድፎን አድርገው ከ250 እስከ 8000 ኸርዝ ያለ ድምፅ በየተራ ያሰሙሻል፤ በሰማሽ ቁጥር ቁልፍ ትጫኛለሽ፣ አለዚያም እጅሽን ታነሺያለሽ። አያምም፣ ረጅም ጊዜም አይወስድም። ውጤቱ በግራፍ ይወጣል፤ የትኛው ጆሮ የትኛውን ድምፅ እንደሚያጣ ያሳያል። የመስሚያ መሣሪያ ቢያዙልሽ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሳህን ድምፅ ሳይቀር ይጮህብሻል፤ አእምሮ እስኪለምደው ነውና መሳቢያ ውስጥ እንዳትጥይው። ስትሄጂ ሐኪሙ ሲናገር የሚጽፍልሽ ሰው ይኑር፤ እህቴ ትሂድ። አንድ ነገር ደግሞ አደራ፦ አንዱ ጆሮሽ በድንገት፣ በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ ዝም ካለ ቀጠሮ አትጠብቂ፣ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ሂጂ። በቶሎ ካልታከመ አንዳንዴ አይመለስም።

ሌላም ያሳሰበኝ አለ። የማይሰማ ሰው ወሬ ይደክመዋል፣ ሲደክመው ይርቃል። ማኅበሩን ተውሽው፤ ስልክ «አጭር አድርጊው» ማለት ጀመርሽ፤ አሁን ደግሞ ፊልሙን። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው የባለሙያዎች ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው ዘገባ፣ በመርሳት በሽታ የመያዝ ዕድልን ይጨምራሉ፣ ግን መከላከል ይቻላል ካላቸው 12 ነገሮች አንዱ የመስማት መቀነስ ነው። ላስፈራራሽ ብዬ አይደለም። አንድም ነገር ሲያመልጥሽ ማየት ስለማልፈልግ ነው።

ቀጠሮውን ስትይዢ ቀኑን በጽሑፍ ላኪልኝ፤ ስልክ አይሁን። ግራፉንም እህቴ ፎቶ አንስታ ትላክልኝ፤ መሣሪያ ከታዘዘ ወጪው የእኔ ነው፣ በዚህ አንከራከርም።

ልጆቹን እረፍታቸው ሳያልቅ ይዣቸው እመጣለሁ። ትንሿ ከአንቺ ጋር የምታያቸውን ካርቱኖች ራሷ መርጣ ፍላሹ ላይ አስገብታለች፤ ስሟ የተጻፈበት ፎልደር ውስጥ ናቸው። መሀል መሀል ላይ እያቆመች ነው የምትጠይቅሽ፤ ስለዚህ ደህና በሚሰማሽ ጆሮ በኩል አስቀምጫት። የትኛው እንደሆነ ሐኪሙ ሳይነግርሽም ታውቂዋለሽ።

ልጅሽ